ጎማው ነው የያዘኝ በያት

ከሁሉ በፊት እኔ ምን ዓይነት ሰው እንደሆንኩ እወቁልኝ፣ በኋላ «ይቺም እንደነዚያ መንፈስ አየን ባዮች ናት» እንዳትሉኝ። የካ አባዶ ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ ነው የምኖረው፣ አንድ ሰሞን ከሥሬ ያለችው ጎረቤቴ ግድግዳው ውስጥ የሚያንኳኳ ነገር አለ ብላ ቤቷን ጠበል ስታስረጭ፣ ባትሪ ይዤ ወርጄ የተላቀቀውን የውሃ ቧንቧ ያሳየኋት እኔ ነኝ። እናቴ ያረፈች ጊዜ እንኳ እህቴ በህልሜም በእውኔም አየኋት እያለች ስታለቅስ፣ ለእኔ አንድ ቀንም አልታየችኝም፣ ደግሞ አልጠበቅኳትም፣ የሞተ ሞተ ባይ ነኝ። ለዚህ ነው ይሄን ነገር ለማውራት ያፈርኩት። ታሪኩ ደግሞ ማታ የሆነ አይደለም፣ መብራት ጠፍቶም አይደለም፣ ከቀኑ አስር ሰዓት ላይ፣ በጠራራ ፀሐይ፣ ሽንኩርት እየከተፍኩ ነው የመጣብኝ።

ሥራዬ ምግብ ማብሰል ነው። አንድ አነስተኛ አስጎብኚ ድርጅት አለ፣ ስሙ ይቅር፣ ድሮ የውጭ ሰው ነበር የሚያመላልሰው፣ አሁን አሁን ግን የሀገር ሰው በዛ፣ የባንክ ሠራተኛው፣ አዲስ ተጋቢው፣ ልደቷን በረሃ ላይ ማክበር የፈለገችው ሁሉ ይመጣል። እኔ ከጉዞው በፊት ሾላ ገበያ ሄጄ ሽንኩርቱን፣ ቲማቲሙን፣ ምስሩን፣ ቅመሙን እሸምታለሁ፣ ከዚያ ጋዝ ምድጃዬን አስጭኜ ከቡድኑ ጋር እሄዳለሁ። አፋርን ስንት ጊዜ ተመላለስኩበት መሰላችሁ፣ ሙቀቱን ለምጄዋለሁ፣ አፈሩን ለምጄዋለሁ፣ ሰዉንም እወደዋለሁ።

ባለፈው ዓመት ጥር ላይ ነው። የአራት ቀን ጉዞ፣ አስራ ስድስት ሰው፣ አንድ ኮስተር። ሾፌራችን ጋሽ ታዬ ነው፣ ዕድሜውን በሙሉ መሪ ይዞ ያረጀ ሰው። አስጎብኚው ያሬድ የሚባል ልጅ ነው፣ ቀልጣፋ፣ ተጓዦቹን «ጋይስ፣ ጋይስ» እያለ የሚነዳ። ሊነጋጋ ሲል መገናኛ ተሰብስበን ያሬድ ስም ሲጠራ፣ ከወጣቶቹ መሀል አንዲት ስልሳውን ያለፉ እናት ነጠላቸውን አጣፍተው፣ ትንሽ ቦርሳ ደረታቸው ላይ አቅፈው ቆመዋል።

«እማማ፣ የሚሸኙት ሰው አለ?» አላቸው ያሬድ።

«የሚሸኘኝም የምሸኘውም የለም፣ ተጓዥ ነኝ። ዝርዝርህን እየው፣ የሺእመቤት የሚል ታገኛለህ።»

ያሬድ ዝርዝሩን አየ፣ አለ። የእህታቸው ልጅ ነች በስልክ ያስመዘገበቻቸው። ግራ ገብቶት ወደ እኔ ዞረ፣ ከዚያ ጎንበስ ብሎ፣ «እማማ፣ ቦታው እኮ በጣም ይሞቃል፣ ሆቴልም የለው፣ ድንኳን ነው የምናድረው» አላቸው።

«ልጄ፣ እንጦጦ ላይ ስልሳ ዓመት በርዶኛል፣ አራት ቀን ብሞቅ ምን እሆናለሁ?»

ሁሉም ሳቀ። እኔ ከዚያች ደቂቃ ጀምሬ ወደድኳቸው። ከጋሽ ታዬ ጎን ያለውን የፊተኛውን ወንበር ሰጠናቸው፣ እኔ ከኋላቸው ተቀመጥኩ። አዋሽን ካለፍን በኋላ ሌላው ሰው እንቅልፍ ሲጥለው እሳቸው ዓይናቸውን ከመስኮቱ አልነቀሉም፣ አንድ ከተማ በደረስን ቁጥር ስሙን ጋሽ ታዬን ይጠይቁታል፣ «ሚሌ ነው እማማ» ሲላቸው «ሚሌ» ይላሉ ቀስ ብለው፣ «ሎጊያ» ሲላቸው «ሎጊያ»፣ ልክ በጆሮው የሚያውቀውን ሰው መጀመሪያ በዓይኑ እንደሚያይ ሰው። እኔ ድሮ በዚህ መንገድ ይነግዱ ነበር ማለት ነው ብዬ አሰብኩ፣ አልጠየቅኳቸውም። ሰውን በመንገድ ላይ አላዋክብም።

በማግስቱ ሰርዶን አልፈን፣ ድሮ ወደ አሰብ ይወስድ ከነበረው አስፋልት ትንሽ ገባ ብለን ድንኳን ተከልን። ቦታውን የመረጠው ሁመድ ነው፣ ከሰመራ አብሮን የወጣ የአፋር መንገድ መሪ፣ ቁጥብ ሰው፣ ሲያወራም ሲስቅም በልክ ነው። ፀሐዩ በረድ ሲል ሁመድና ያሬድ ተጓዦቹን ይዘው ከኮረብታው ጀርባ ያለውን ፍል ውሃ ሊያሳዩ በእግር ሄዱ። እማማ የሺ «እግሬ እምቢ ብሎኛል» ብለው ቀሩ። ጋሽ ታዬ ከኮስተሩ ጎን እስከ ሁለት እንጨት ድረስ ሸራ ወጥሮልን ነበርና ሸራው ሥር ፍራሽ አነጠፍኩላቸው፣ ጋደም እንዳሉ እንቅልፍ ወሰዳቸው። ጋሽ ታዬም ኮስተሩ ውስጥ በሩን ከፍቶ ማንኮራፋት ጀመረ። እኔ ከሸራው ትንሽ ራቅ ብዬ የእራቱን ሽንኩርት ያዝኩ።

ያን ጊዜ ነው ድምፁ የተሰማኝ። ጣን... ጣን... ጣን። ብረት ብረትን ሲመታ። ጎሚስታ ቤት በር ላይ የቆመ ሰው የሚሰማው ዓይነት፣ ሦስቴ ይመታል፣ ያርፋል፣ ደግሞ ሦስት። መጀመሪያ ምንም አልመሰለኝም፣ መንገድ ላይ መኪና ተበላሽቶ ይሆናል አልኩ። ቀና ብዬ አስፋልቱን አየሁት፣ ባዶ ነው። እዚያ አካባቢ መሬቱ መዳፍ ነው፣ ዛፍ የለ፣ ጉብታ የለ፣ ኮረብታው ያለው በእኛ ጀርባ ነው፣ አስፋልቱ ላይ አንድ ፍየል ብትቆም ትታያለች። ድምፁ ግን አለ።

«ጋሽ ታዬ፣ ይሰማሃል?»

«ሃ?» አለ ከእንቅልፉ።

«የሆነ ሰው ጎማ የሚፈታ ይመስላል።»

ጆሮውን ሰጠ። ድምፁ እኔ ጆሮ ላይ ጥርት ብሎ እየመጣ ነው፣ ጣን፣ ጣን፣ ጣን። «ምንም የለም፣ ሙቀቱ ነው፣ ውሃ ጠጪ» ብሎኝ ተመልሶ ተኛ። እኔም እሺ ብዬ የፕላስቲኩን ጆግ ከጀሪካኑ እስከ አፉ ሞላሁት፣ አንድ ብርጭቆ እንኳ ሳልቀዳ ግን ድምፁ ቆመ። ከዚያ ንፋስ ሳይኖር የተቃጠለ ጎማ ሸተተኝ። ምድጃዬን አየሁ፣ ገና አልለኮስኩም።

«ጤና ይስጥልኝ እህቴ፣ ውሃ ይኖርሻል?»

ዞር አልኩ። ከኮስተሩ ኋላ በኩል አንድ ሰው ቆሟል፣ ቀጠን ረዘም ያለ፣ ሠላሳ ዓመት የማይሞላው፣ ፀጉሩን ያጎፈረ፣ ግራጫ ቱታ ለብሶ እጅጌውን እስከ ክርኑ የጠቀለለ፣ እጁ በግራሶ ጥቁር ያለ። እመኑኝ፣ ምንም የሚያስፈራ ነገር አልነበረውም። እንዲያውም ደስ የሚል ፊት ነው፣ ፈገግ ሲል ሰው የሚያስታርቅ።

«እንዴ፣ ከየት መጣህ? ኮቴህንም አልሰማሁ!»

«ከዚያ ነው» አለኝ ወደ አስፋልቱ እያሳየ። «ጎማ ፈነዳብኝ፣ አንዱ ዳዶ ደግሞ አልፈታ ብሎ ገተረኝ።»

«አሃ፣ ለካ አንተ ነህ ስትቀጠቅጥ የቆየኸው! ምን ዓይነት መኪና ነው?»

«ኤንትሬ።»

እኔ የመኪና ዓይነት አላውቅም፣ የጭነት መኪና መሆኑ ብቻ ገባኝ። ከጆጉ ቀድቼ ሰጠሁት፣ ጠጣ፣ ደግሜ ቀዳሁ፣ ጠጣ፣ ሦስተኛ። ጉሮሮው ሲወርድ ሲወጣ አየዋለሁ። አንድ ነገር ብቻ ትንሽ ገረመኝ፣ በዚያ ሙቀት ብረት ሲመታ ቆይቶ ግንባሩ ላይ ጠብታ ላብ የለም።

«ከየት ናችሁ?» አለኝ ብርጭቆውን እየመለሰ።

«ከአዲስ አበባ። እኔ የካ ነኝ።»

ፊቱ በራ። «በይ እንጂ፣ የሰፈሬ ልጅ! እኔ እንጦጦ ነኝ። ዘነበ?»

«የቱ?»

«እንጦጦ ላይ፣ ዘነበላችሁ? ስወጣ ደመናው ወርዶ ነበር፣ ሚስቴ ድንቹን ቀብራ ዝናብ ዝናብ እያለች ነው የተለየኋት።»

«በጥር ምን ዝናብ አለ?» አልኩት እየሳቅኩ።

«ጥር?» አለና የሆነ ነገር በልቡ እንደሚቆጥር ሰው ዓይኑን ጠበብ አደረገ፣ ከዚያ ሳቀ። «ይሄ ፀሐይ ቀኑንም ያምታታል።»

ይሄኔ ሰዓት ልይ ብዬ ስልኬን ከሽርጤ ኪስ አወጣሁት፣ «ሬዲዮ ነው?» አለኝ፣ የምሩን። የሚያሾፍብኝ መስሎኝ «አዎ፣ ዜና ልክፈትልህ?» አልኩት። እየሳቅን እኮ ነው። ሁለት የአንድ አካባቢ ሰዎች በረሃ መሀል ተገናኝተን እየተጫወትን ነው፣ ሌላ ምንም በልቤ የለም።

ከዚያ ዞር ሲል እማማ የሺን አየ። ፀሐዩ ዞሮ ከሸራው ጠርዝ ሥር እየገባ ፊታቸው ላይ መድረስ ጀምሯል፣ እኔ በወሬ ተጠምጄ አላስተዋልኩም።

«እናትሽ ናቸው?»

«አይ፣ ተጓዥ ናቸው። ያንተው የእንጦጦ ሰው ናቸው እኮ።»

ሁለት እርምጃ ቀረብ አለና አያቸው። ቆየ። ልክ ስም አፉ ላይ መጥቶ እንደጠፋበት ሰው አንገቱን ዘመም አድርጎ፣ ወዲህ አያቸው፣ ወዲያ አያቸው።

«የማን ቤት ይሆኑ?» አለ በመጨረሻ። «አላውቃቸውም።»

ከዚያ ጎንበስ ብሎ የሸራውን ጫፍ ጎተተ፣ ጥላው ፊታቸውን እንዲሸፍን አድርጎ ዘረጋው፣ ከመሬት አንድ ጥቁር ድንጋይ አንስቶ ጫፉ ላይ ጫነበት። አሠራሩ እንዴት ነበር መሰላችሁ፣ ሕፃን እንዳይነቃበት እንደሚጠነቀቅ አባት። «ደክሟቸዋል፣ እንዳትቀሰቅሻቸው» አለኝ ድምፁን ዝቅ አድርጎ።

ሊሄድ ሲል ተመለሰ። «እህቴ፣ አንድ ነገር ላስቸግርሽ። እናንተ ቀድማችሁኝ ሳትገቡ አትቀሩም። እንጦጦ ወጥተሽ የሸጊቱ ቤት ብትዪ ማንም ያሳይሻል። ጎማው ነው የያዘኝ በያት፣ ሌላ ምንም አልሆንኩም። ደግሞ አትጠብቀኝ፣ ትብላ። እኔ ካልመጣሁ እህል አትቀምስም፣ ፀባይዋ ነው።»

«ለምን አትደውልላትም?»

የማይሆን ነገር የተናገርኩ ይመስል ፈገግ አለብኝ። «ኬላው ክፍት ነው አይደል?» አለ፣ የቱ ኬላ ብዬ ሳልጠይቀው ወደ አስፋልቱ ተራመደ። ሙቀት መሬቱን ሲያፈላው ከሩቅ የሚሄድ ሰው እግሩ እንደሚጠፋ አይታችሁ ታውቃላችሁ፣ እሱም እንደዚያ ነው የሆነው፣ እግሩ ጠፋ፣ ከዚያ ወገቡ፣ ከዚያ ያ ጎፈሬው ትንሽ እየተወዛወዘ ቆየና እሱም ጠፋ። ጣን፣ ጣን፣ ጣን ሲል አንድ ጊዜ ሰማሁ። ከዚያ በኋላ ዝም።

ጋሽ ታዬን ወዝውዤ ቀሰቀስኩት። ሾፌር ጎማ ፈንድቶበት ቆሟል ስለው ቅር ሳይለው ተነሳ፣ ሾፌር ለሾፌር ነው። «ምን መኪና ነው አለሽ?»

«ኤንትሬ አለኝ።»

ጫማውን ማሰር አቁሞ አየኝ። «ኤንትሬ? አንቺ፣ ኤንትሬ በዚህ መንገድ ከሄደ ስንት ዘመኑ፣ እኔ ረዳት ሳለሁ ነበር እሱ። ቀልዶብሽ ነው።» ቢሆንም ሄደ። አስፋልቱ መሀል ቆሞ እጁን ግንባሩ ላይ አድርጎ ግራ ቀኙን ሲያይ ቆየ፣ ጥቂት ወዲህ ሄደ፣ ጥቂት ወዲያ ሄደ፣ ተመለሰ። «ቲጂ፣ ሰው የለም፣ መኪና የለም፣ ጎማ የተፈታበት ቦታም የለም።»

ወደ ምድጃዬ ተመለስኩ። ጆጉ እስከ አፉ ሙሉ ነው። ሦስት ብርጭቆ በዚች እጄ ቀድቼለታለሁ፣ ጆጉ ግን ጠብታ አልጎደለም። ሳላስበው ራሴ ሞልቼው ይሆናል አልኩ፣ ሊሆን ይችላል፣ አልክድም። ድንጋዩ ግን ሸራው ጫፍ ላይ አለ። እኔ አላስቀመጥኩትም፣ ጋሽ ታዬ አላስቀመጠውም።

እማማ የሺ ወዲያው ነቁ። «ተባረኪ ልጄ፣ ፀሐይ መጣብኝ ስል በእንቅልፍ ልቤ፣ አስጠለልሽኝ» አሉ። ምን ልበል? አሜን አልኩ።

ቡድኑ ሲመለስ ነገሩን ለሁመድ ብቻ ነገርኩት፣ ሌሎቹ እንዳይስቁብኝ። ቆሞ አዳመጠኝ።

«ውሃ ጠየቀሽ?»

«አዎ።»

«ሰጠሽው?»

«ሰጠሁት።»

«ደግ አደረግሽ» አለኝና ሄዶ ጀሪካኖቹን ማውረድ ጀመረ። ማነው ብዬ ስከተለው፣ «በረሃ ላይ ውሃ የጠየቀን ሰው ማነህ አንለውም» አለኝ። ከዚያ በላይ አንድ ቃል አላወጣሁትም።

በማግስቱ ጠዋት አፍዴራ ጨው ሐይቅ ደረስን። ወጣቶቹ ሐይቁ ላይ እየተንሳፈፉ ፎቶ ሲነሱ፣ እማማ የሺ ያችን ያቀፏትን ቦርሳ ይዘው ወደ ዳር ሄዱ፣ «ቲጂ፣ እጄን ያዢኝ» አሉኝ። ቦርሳዋ ውስጥ በላስቲክ የተቋጠረ አፈር ነበር፣ ከግቢያቸው ያመጡት ጥቁር አፈር። ጨው ላይ በተኑት፣ በልባቸው የሆነ ነገር አሉ፣ ከዚያ ድንጋይ ላይ ተቀምጠው ነገሩኝ።

ባላቸው በአሰብ መንገድ ሾፌር ነበር። ደርግ ሊወድቅ ሲል፣ መንገዱ ሁሉ የታወከ ጊዜ፣ ከአሰብ ጭኖ ወጣ፣ ጓደኞቹ ገቡ፣ እሱ አልገባም። «ሰርዶ ሳንደርስ ጎማ ፈነዳበት» አሏቸው ጓደኞቹ፣ «እንርዳህ ስንለው፣ እናንተ ሂዱ፣ እደርስባችኋለሁ አለን።» ሬሳ የለ፣ መኪና የለ፣ እስር ቤት የለ፣ ያልተጠየቀ ቦታ አልነበረም። ልጅ አልወለዱም፣ ሌላ ባል አላገቡም፣ መርዶ ስላልመጣ ለቅሶም አልተቀመጡም።

«እንግዲህ ማርጀቴ ነው አልኩ» አሉኝ። «ሳልቀብረው ልሞት ነው አልኩ። መቃብሩ ይሄ ሁሉ ሜዳ ነው፣ ዛሬ አፈሩን አለበስኩት። አሁን ቀለለኝ ልጄ። ሸጊቱዬ የሚለውን ስም ያወጣልኝ እሱ ነበር፣ ከእሱ ወዲህ ማንም ጠርቶኝ አያውቅም።»

 በእውነት ነው የምላችሁ፣ ጨው ላይ ዝርግፍ ብዬ ተቀመጥኩ። ሙቀቱ መስሏቸው በነጠላቸው ያራግቡልኝ ጀመር። አሁን በእኔ ቦታ ሁኑ፣ ምን ትላላችሁ? ሴትዮዋ ሠላሳ ምናምን ዓመት የተሸከሙትን ገና አሁን አውርደውታል፣ እኔ ደግሞ አልሞተም፣ ጎማው ነው የያዘው፣ እመጣለሁ ብሏል ልበል? ዝም አልኩ። እስከ አዲስ አበባ ድረስ ዝም። ከኋላቸው ተቀምጬ ሽበታቸውን እያየሁ ዝም።

ቤቴ ገብቼ ግን አልቻልኩም። እህል አፌ ውስጥ ይዞራል። የተላከ ሰው ነኝ፣ መልእክት በልቼ የተቀመጥኩ ሰው ነኝ። ሦስት ሳምንት ያህል ከራሴ ጋር ስሟገት ቆይቼ አንድ ቅዳሜ በፈረንሳይ ሰፈር በኩል ሽቅብ ወጣሁ። ከታክሲ ወርጄ በባሕር ዛፉ መሀል ስሄድ፣ የሸጊቱ ቤት ብዬ ሁለት ሽማግሌ ጠየቅኩ፣ አላወቁም። የእማማ የሺ ቤት ስል አንድ እግረ መንገዷን የምትሄድ ልጅ አሳየችኝ።

ፊታቸው ወዛ ብሎ፣ ቤታቸው ተለቅልቆ፣ ደስ ብሏቸው ተቀበሉኝ። የቀቀሉትን ድንች በሚጥሚጣ አቀረቡልኝ። የባላቸውን ልብስ ለነዳያን ሰጥተው፣ ፀሎት አስደርገው፣ ጎረቤት ሁሉ እግዜር ያፅናሽ ብሏቸው ነበር። ይሄን ሁሉ አውርተው ሲጨርሱ «ምን ሆነሻል፣ ፊትሽ ልክ አይደለም» አሉኝ፣ እኔም አፈረጥኩት። ውሃ መጠየቁን፣ ዝናቡን መጠየቁን፣ ድንቹን፣ ጎማውን፣ ትብላ ማለቱን፣ ሁሉንም ነገርኳቸው።

ይጮሃሉ ብዬ ነበር፣ አልጮሁም። ሰድበው ያባርሩኛል ብዬም ነበር፣ አላባረሩኝም። የድንቹን ሳህን ወደ ጎን ገፋ አደረጉት። ከዚያ የጠየቁኝ ነገር፣

«አርጅቷል?»

«አይ... አላረጁም እማማ። ሠላሳ ዓመትም አይሞላቸው።» አንተ እያልኩ ያጫወትኩትን ልጅ አሁን አንቱ ስለው ምላሴ ተሳሰረ።

እጃቸው ወደ ፀጉራቸው ሄደ፣ ሻሻቸውን ወደ ግንባራቸው ሳብ አደረጉት። «እኔስ? እኔን አላየኝም?»

እዚች ላይ ነው እንግዲህ። ፀሐይ እንዳይነካዎት ያስጠለልዎት እሳቸው ናቸው ማለት እፈልጋለሁ፣ በዓለም ላይ ከዚህ የበለጠ ልነግራቸው የምፈልገው ነገር የለም። ግን ያንን ካልኩ ይቀጥላሉ፣ ታዲያ ምን አለ አይቶኝ ይላሉ፣ እኔ ደግሞ «አላውቃቸውም» ማለቱን መደበቅ አልችልበትም፣ ፊቴ ይናገርብኛል።

«ሸራው ከልሎዎት ነበር» አልኩ። «አላዩዎትም።»

«ተኝቼ!» አሉ ጉልበታቸውን በመዳፋቸው እየመቱ። «ስንት ዓመት የመኪና ድምፅ በሰማሁ ቁጥር ስነቃ ኖሬ፣ ያን ቀን ተኛሁ!» ያን ጊዜ ነው ያለቀሱት። እኔም አብሬ አለቀስኩ፣ ሲሸኙኝ ግን ግንባሬን ሳሙኝ፣ እግዜር ይስጥሽ መልእክት አድራሽ አሉኝ፣ ስለዚህ ከባዱ ነገር አለፈ ብዬ ወረድኩ።

አላለፈም። ከዚያ ወዲህ በረሃ አልወረድኩም፣ ላንጋኖና አርባ ምንጭ ካልሆነ አልሄድም ብያለሁ፣ አፋር ሲሆን ሌላ ሴት ነች የምታበስለው። ጋሽ ታዬ ግን ሁለቴ በዚያ በኩል አልፏል፣ ሁለቴም ያችን ቦታ ሲደርስ ፍጥነቱን ቀንሶ መስኮቱን እንደሚከፍት ያሬድ ነግሮኛል፣ ምን ሰማህ ብዬ ስጠይቀው ጋሽ ታዬ ወሬ ይቀይርብኛል።

ባለፈው ሳምንት ደግሞ ያሬድ ደወለ። «ቲጂ፣ የጥር ወሩ ጉዞ ሞላ፣ እማማ የሺ ተመዝግበዋል። ድንኳኑ የግድ ያቺው ቦታ ካልተተከለ ብለዋል፣ አንቺ ካልመጣሽም አልሄድም ብለዋል፣ እባክሽ።» አስብበታለሁ ብዬ ዘጋሁት። አንድ ሰዓት አልቆየም፣ እማማ የሺ ራሳቸው ደወሉ። ድምፃቸው የልጃገረድ ድምፅ ነው፣ ፈጣን፣ የሚያስቅ። ቀን ቀን መተኛት ጀምሬያለሁ አሉኝ፣ እዚያ ስደርስ እንቅልፍ እንዳያሸንፈኝ፣ ቀሚስም አሰፋሁ አሉኝ።

«አርጅቻለሁ፣ አውቃለሁ» አሉ። «መልኬን ላያውቀው ይችላል፣ ምን ይደረግ። ድምፄ ግን እኮ አልተለወጠም፣ ሰው ሁሉ ይለኛል። ቁጭ ብዬ እጠብቀዋለሁ፣ ሲመጣ በስሙ እጠራዋለሁ። በድምፄ ያውቀኛል፣ አይደል ቲጂዬ?»

ስልኩን ጆሮዬ ላይ እንደያዝኩ መስኮቱ ጋር ቆምኩ።

«ሄሎ? ትሰሚኛለሽ?»

«እሰማዎታለሁ እማማ» አልኩ።